ማዕረግና ስንቅ፦ የኢትዮጵያ ምድር ጦር እንዴት ተዋቀረ?

«ደጃች ውቤ! ደጃች ውቤ!» ይላል የታክሲ ረዳቱ። ሌላው «ሀብተ ጊዮርጊስ!» እያለ ይጣራል። ትንሽ ወረድ ሲባል ደግሞ «አራተኛ ክፍለ ጦር» እና «ጦር ኃይሎች» ይሰማሉ። ተሳፋሪው ሒሳቡን አዘጋጅቶ መውረጃውን ይጠብቃል እንጂ የሚጠሩት ስሞች ከየት እንደመጡ ልብ አይልም። የአዲስ አበባ የታክሲ ጥሪ ግን አጭር የጦር ሠራዊት ታሪክ ነው። ደጃች ውቤ ደጅአዝማች ነበሩ። ሀብተ ጊዮርጊስ ፊታውራሪ ነበሩ፣ የአገሪቱም የመጀመሪያው የጦር ሚኒስትር። የኋለኞቹ ሁለት ስሞች ግን የሰው አይደሉም፤ አንዱ ቁጥር ነው፣ ሌላው የመንግሥት መሥሪያ ቤት። በሰው ስም ከሚጠራ ጭፍራ በቁጥር ወደሚጠራ ክፍለ ጦር ለመድረስ አገሪቱ መቶ ዓመት ያህል ፈጅቶባታል።

ከተማዋ ራሷ የጦር ሰፈር ነበረች። ምኒልክ እንጦጦን ለቀው ፍልውሃ ሲወርዱ መኳንንቱ እንደ ዘመቻ ድንኳን በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ ቦታ ቦታቸውን ያዙ፤ እያንዳንዱም ጭፍራውን በዙሪያው አሰፈረ። «ሰፈር» የሚለው ቃል የቀረልን ከዚያው ነው። አማርኛው «ሰፈረ» ሁለት ሥራ አለው። ጦር ሲያርፍ ሰፈረ ይባላል፤ እህል ሲለካም ተሰፈረ ይባላል። ወታደር ይሰፍራል፣ ቀለብም ይሰፈርለታል። የኢትዮጵያን ምድር ጦር ታሪክ ለመከተል እነዚህን ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን ማየት ያስፈልጋል፦ ወታደሩ የት ይቆማል? ቀለቡንስ ማን ይሰፍርለታል?

በ1512 ዓ.ም. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የዐፄ ልብነ ድንግልን ተንቀሳቃሽ ሰፈር አይቶ ጽፏል። ያየው ግርግር አልነበረም። የንጉሡ ድንኳን በቦታው ይተከላል፣ አብያተ ክርስቲያናቱ በቦታቸው፣ የዳኞቹ ድንኳን፣ ማድ ቤቱ፣ ገበያው ሁሉ በየቦታው። ሰፈሩ ተነቅሎ ሌላ አገር ሲተከል እያንዳንዱ ሰው የሚያርፍበትን አቅጣጫ ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል። ዛሬ በወረቀት ላይ በመስመርና በሣጥን የሚሳለው የአደረጃጀት ሥዕል ያኔ የሚሳለው በሜዳ ላይ በድንኳን ነበር።

ማዕረጎቹም ከዚያው ሜዳ የተነሡ ናቸው። ፊታውራሪ ፊት የሚያወራ ማለት አይደለም፤ ከጦሩ ፊት ቀድሞ የሚወርር ነው። ቀኛዝማች የቀኙን ክንፍ፣ ግራዝማች የግራውን ይመራል። ደጅአዝማች የንጉሡ ድንኳን ደጅ ያለውን ዋናውን ጦር ይይዛል። ባላምባራስ የአምባ ጠባቂ ነው። ሊቀ መኳስ ደግሞ በውጊያ ቀን እንደ ንጉሡ ለብሶ የጠላትን ዓይንና ጥይት ወደ ራሱ የሚስብ ሰው ነው። ከጊዜ በኋላ እነዚህ ስሞች የአስተዳደርና የክብር ማዕረጎች ሆኑ፤ ፈረስ ጭኖ የማያውቅ ሰው ሳይቀር ግራዝማች ተባለ። ሥራው ቢለወጥም ቃሉ የተነሣበትን ሜዳ አልረሳም።

ይህ ሠራዊት አንድ ጦር ሳይሆን የብዙ ጦሮች ድምር ነበር። ከደጅአዝማች በላይ ያለው ራስ የራሱን ሰው፣ ደጅአዝማቹም የራሱን ሰው ይዞ ይመጣል። ወታደሩ የሚያውቀው ጌታውን ነው፤ ጌታው ከንጉሡ ሲጣላ ጭፍራውም ይጣላል። ጌታው ሲወድቅስ? መልሱ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ታየ። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የመሐዲስቶችን ምሽግ ሰብሮ የገባ ጦር እየመሩ ሳሉ በጥይት ተመቱ። ወሬው ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር ድሉ በእጁ የነበረው ሠራዊት ተበተነ። በወታደር ቁጥርም በጀግንነትም የጎደለው ነገር አልነበረም። የጎደለው አዛዡ ሲወድቅ ትእዛዙን የሚቀጥል አካል ነው።

ሁለተኛው ችግር የቀለብ ነበር።

በመካከለኛው ዘመን «ጨዋ» የሚባሉ የንጉሥ ጭፍሮች በየጠረፉ ይሰፍሩና በተሰጣቸው መሬት ይተዳደሩ ነበር። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በየአውራጃው የተከሏቸው እነዚህን ነው። ዛሬ ጨዋ የሚባለው የታረመ ሰው ወይም ክህነት የሌለው ምእመን ነው፤ ቃሉ አንድ ጊዜ ጋሻ ተሸክሞ ድንበር ይጠብቅ እንደነበር ብዙ ሰው አያውቅም። ከዚያም በኋላ ዋናው ደመወዝ መሬት ነበር። ወታደሩ ማደሪያ ይሰጠዋል፣ ማደሪያውን እየበላ ክተት ሲባል ይዘምታል። መሬት ባልተሰጠበት ጊዜ ደግሞ በገበሬ ቤት ይመራል። ገበሬው ላልጋበዘው እንግዳ እንጀራውንም ጠላውንም ያቀርባል፤ ለበቅሎውም ገብስ ይጨምራል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወደ ደቡብ በተደረገው መስፋፋት ይኸው አሠራር ሰፋ። ነፍጠኛው እንደ ማዕረጉ በቁጥር ገባር ይመደብለት ነበር፤ ገባሩም እህሉንና ጉልበቱን ለእርሱ ይገብራል። ሠራዊቱ ለግምጃ ቤቱ ርካሽ ነበር፤ ዕዳውን የሚከፍለው ሌላ ሰው ነውና።

ይህን ቋጠሮ ለመፍታት መጀመሪያ የሞከሩት ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው። በ1847 ዓ.ም. ከነገሡ በኋላ ከተለያየ አገር የመጡ ወታደሮችን አቀላቅለው በአንድ አዛዥ ሥር ማድረግ ጀመሩ፤ የጎንደሩ ሰው ከሸዋው፣ የወሎው ከትግሬው ጋር እንዲሰለፍ። አዛዦቹን ደግሞ በቁጥር ሰየሟቸው፦ የአሥር አለቃ፣ የሃምሳ አለቃ፣ የመቶ አለቃ፣ ሻለቃ። ፊታውራሪና ቀኛዝማች የቦታ ስሞች ነበሩ፤ እነዚህ ግን የሰው ብዛት ስሞች ናቸው። ልዩነቱ ቀላል ይመስላል። በቁጥር የሚጠራ አዛዥ ግን ሊሾም፣ ሊሻር፣ ወደ ሌላ ቦታ ሊዛወር ይችላል፤ ጭፍራው የአባቱ ርስት አይደለምና። ወታደሩ በገበሬ ቤት መመራቱ ቀርቶ ደመወዝ እንዲቆረጥለትም ፈለጉ። ሐሳቡ ግን ገንዘብ ይጠይቅ ነበር። የቤተ ክርስቲያንን መሬት ለወታደር ቀለብ ለማዋል ሲነሡ ከካህናቱ ጋር ተጋጩ፣ አመፁ በየአቅጣጫው ሲነሣ ሠራዊቱ ተመልሶ ገበሬውን በላ። ጋፋት ላይ የተሠራው ሴባስቶፖል መድፍ በብዙ ሺህ ሰው ጉልበት መቅደላ ደረሰ፤ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር አምባውን ሲወጣ ግን በንጉሡ ዙሪያ የቀረው ሰው ጥቂት ነበር። የቴዎድሮስ ደመወዝተኛ ሠራዊት ከእርሳቸው ጋር አለፈ። የቁጥር ማዕረጎቹ ግን አላለፉም።

ምኒልክ ጥያቄውን በሌላ በኩል ያዙት። የ1880ዎቹ ክፉ ቀን ከብቱን ፈጅቶ ገበሬውን ካደቀቀ በኋላ ወታደር በገበሬ ቤት መመራቱ ቀርቶ ገበሬው ከምርቱ አሥራት እንዲያገባ፣ ወታደሩም ከመንግሥት ጎተራ እንዲቀለብ አዘዙ። አፈጻጸሙ በየቦታው እኩል አልነበረም። ሐሳቡ ግን አዲስ ነበር፦ በገበሬውና በወታደሩ መካከል ጎተራ ገባ።

በመስከረም 1888 ዓ.ም. ነጋሪት ተጎስሞ በጣሊያን ላይ ክተት ታወጀ፤ የሸዋው ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ ወረ ኢሉ እንዲገኝ ታዘዘ። ወሩ በከንቱ አልተመረጠም። ክረምቱ ወጥቷል፣ ወንዙ ጎድሏል፣ አዝመራው እየደረሰ ነው። ወደ 100,000 የሚገመተው ያ ሠራዊት የስንቅ ክፍል የሚባል ነገር አልነበረውም። ስንቁ በየሰዉ አቁማዳና በየአህያው ጀርባ ላይ ነበር፦ በሶ፣ ድርቆሽ፣ ቋንጣ፣ ጭኮ። ከወታደሩ ኋላ ሚስቱ፣ ገረዱ፣ ልጁ ይከተላሉ። ወፍጮ ተሸክመው የሚጓዙ፣ ማታ እንጀራ የሚጋግሩ፣ ቁስለኛ የሚያነሡ ሴቶች ባይኖሩ ከሸዋ እስከ ትግራይ ያለውን መንገድ ያ ሠራዊት ባልተጓዘው ነበር። እቴጌ ጣይቱም በራሳቸው አዝማቾች ሥር 5,000 ያህል ሰው ይዘው ዘምተዋል። በጥር መቀሌ ላይ የጣሊያኑን ምሽግ ያንበረከከው የመድፍ ጩኸት ብቻ አልነበረም። የእቴጌይቱ ሰዎች የምንጩን ውሃ ያዙ፤ ምሽጉ ውስጥ ያለው ወታደር በውሃ ጥም ተያዘ።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ የተገናኙት ሁለት የጦር አደረጃጀቶች ናቸው። ጄኔራል ባራቲዬሪ 17,000 ከሚበልጥ ሰውና 56 መድፍ ጋር በአራት ብርጌድ ተከፍሎ መጣ፤ እያንዳንዱ ብርጌድ ጄኔራል፣ ባታሊዮኖች፣ የጽሑፍ ትእዛዝና ካርታ ነበረው። ሁለቱም ወገን ስንቁ አልቆበት ነበር። ባራቲዬሪ ጥቂት ቀን ቢታገሥ የምኒልክ ሠራዊት ለእህል ሲል በተበተነ፤ ግን የእርሱም መጋዘን ባዶ ሊሆን ቀርቦ ነበርና በሌሊት ተነሣ። ካርታው ተሳሳተ። የአልቤርቶኔ ብርጌድ ከሌሎቹ ርቆ ሌላ ኮረብታ ላይ ተገኘ፤ የዳቦርሚዳም ብርጌድ በሌላ ሸለቆ ብቻውን ቀረ። በወረቀት ላይ የተያያዘው ሠራዊት በተራራው መሐል ተለያየ። በሜዳ የተያያዘው ደግሞ፣ እያንዳንዱ ወደ ጌታው ጥሩምባ እየሮጠ፣ አንድ በአንድ ደረሰባቸው። ፊታውራሪ ገበየሁ እንደ ማዕረጋቸው ፊት ቀድመው በዚያው ወደቁ። በሌላው ወገን ከአራቱ የብርጌድ ጄኔራሎች አሪሞንዲና ዳቦርሚዳ ሲሞቱ አልቤርቶኔ ተማረከ።

ድሉ አሮጌውን አደረጃጀት አከበረው፤ እንዳይነካም አደረገው።

በ1900 ዓ.ም. ምኒልክ ሚኒስትሮች ሲሾሙ የጦር ሚኒስቴሩ ለፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ተሰጠ። አባ መላ የሚባሉት እኒህ ሰው ከጦር ምርኮኛነት ተነሥተው እስከዚያ የደረሱ፣ በብልሃታቸው የታወቁ ዳኛ ነበሩ። ይሁን እንጂ ሚኒስቴሩ ቢሮ ሳይሆን ሰው ነበር። ሚኒስትሩ የራሳቸው መሬትና በብዙ ሺህ የሚቆጠር የራሳቸው ጦር ነበራቸው፤ በታኅሣሥ 1919 ዓ.ም. ሲያርፉ አልጋ ወራሽ ተፈሪ ጦሩን በእጃቸው ማድረጋቸው እንደ ትልቅ የፖለቲካ ድል ተቆጥሯል። ከዚያ በፊት በ1910 ዓ.ም. ደግሞ መሐል ሰፋሪ የሚባለው የቤተ መንግሥት ጦር ተሰብስቦ ሚኒስትሮቹ እንዲሻሩ ጠየቀ። ሁሉም ተሻሩ፤ የቀሩት ሀብተ ጊዮርጊስ ብቻ ናቸው። ስሙ እንደሚለው በሰፈሩ መሐል የሚሰፍረው ወታደር ሹም መሻር እንደሚችል ያን ጊዜ አወቀ።

ተፈሪ ትምህርቱን የወሰዱት ከዚያና ከሰገሌ ነው። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ የሸዋ ጦር ከወሎው ንጉሥ ሚካኤል ጦር ጋር የተዋጋው ከአሮጌው ሠራዊት የመጨረሻ ታላላቅ ውጊያዎች አንዱን ነበር። ወዲያው ተፈሪ አነስተኛ ሆኖ የሠለጠነ ጦር መኮልኮል ጀመሩ። የመጀመሪያዎቹ አሠልጣኞችና ወታደሮች በኬንያ ከእንግሊዝ፣ በሊቢያ ከጣሊያን ጦር ጋር ያገለገሉ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ክቡር ዘበኛ የተወለደው እንዲህ ነው። በ1922 ዓ.ም. የቤልጂክ መኮንኖች መጡ፤ በጥር 1927 ዓ.ም. ደግሞ ስዊድናውያን ሆለታ ገነት ላይ የጦር ትምህርት ቤት ከፈቱ። አንድ ወጣት የመኮንን ልጅ ስለሆነ ሳይሆን ተምሮ ፈተና ስላለፈ መኮንን የሚሆንበት የመጀመሪያው በር ሆለታ ነበር።

በሩ ዘግይቶ ተከፈተ። የጣሊያን ጦር በዚያው ዓመት ማብቂያ ወሰን ላይ ቆሞ ነበር። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ በጃንሆይ፣ ንጉሠ ነገሥት በሆኑት በተፈሪ፣ ትእዛዝ የገባው ክቡር ዘበኛ በሥርዓት አጠቃ፤ አውሮፕላንና የመርዝ ጋዝ በያዘ ጠላት ፊት ግን የአንድ ቀን ሥርዓት አልበቃም። የሆለታ ዕጩ መኮንኖች ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ ተበተኑ። ከእነርሱ ውስጥ ጥቂቶቹ ነቀምቴ ላይ ተሰብስበው ጥቁር አንበሳ የሚባለውን የአርበኞች ማኅበር መሠረቱ። ማኅበሩ የጽሑፍ ደንብ ነበረው፤ የሲቪል አመራር ከወታደራዊው እንደሚበልጥና ምርኮኛ በሰብአዊነት እንደሚያዝ ደንግጓል። ራስ እምሩን መሪ አድርጎ ሲቀበልም በዚያው ደንብ ሥር ነበር። ራስ የተማሩ ልጆች ባወጡት ሕግ ሲተዳደር ታየ።

ነፃነት ከተመለሰበት ከሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. በኋላ መንግሥት ያደረገው ትልቁ ለውጥ አዲስ ጠመንጃ መግዛት አልነበረም። መኳንንቱ የግል ጦር እንዳይኖራቸው ማድረግ ነበር። የጠቅላይ ግዛት ገዢ የመንግሥት ደመወዝተኛ ሆነ፤ ግብር በገንዘብ ወደ ግምጃ ቤት እንዲገባ፣ ወታደሩም ከዚያው እንዲከፈለው ተወሰነ። የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ ሻለቃ ጦሮችን አሠለጠነ። በግንቦት 1945 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር የተደረገው ስምምነት መሣሪያና አማካሪ አመጣ። ሐረር ላይ በሕንድ መኮንኖች የሚመራ የሦስት ዓመት የጦር አካዳሚ ተከፈተ። ከፈረንሳይኛ የተወረሰው «ኤታማዦር» የሚለው ቃልም እውነተኛ ሥራ አገኘ።

በዚህ ጊዜ የቆመው አወቃቀር ዛሬም በብዙ አገር ያለው ነው። ከሥር ጓድ አለ፤ አሥር ያህል ሰው፣ አዛዡ እያንዳንዱን በድምፁ የሚያውቀው። ሦስት ወይም አራት ጓድ መቶ ይሆናል፣ መቶዎቹ ሻምበል፣ ሻምበሎቹ ሻለቃ፣ ሻለቆቹ ብርጌድ፣ ብርጌዶቹ ክፍለ ጦር። በየደረጃው ቁጥሩ ሦስት፣ አራት፣ ቢበዛ አምስት የሆነበት ምክንያት አለው፤ በተኩስ መሐል አንድ ሰው በቅርብ ሊያዝ የሚችለው ከዚያ በላይ አይደለም። ቴዎድሮስ የሰጧቸው ስሞች በዚህ ውስጥ ገብተው ሒሳባቸው ተዛባ። መቶ አለቃው የሚያዘው ሠላሳ፣ አርባ ሰው ነው። ሃምሳ አለቃው ሃምሳ ሰው የለውም። ሻለቃው የሺህ አለቃ ቢባልም ጦሩ ብዙውን ጊዜ ሺህ አይሞላም። ማንም ግን አይቆጥርም።

ክፍለ ጦር የሚለየው በብዛቱ አይደለም፣ ራሱን መቻሉ ነው። እግረኛው፣ መድፈኛው፣ ታንከኛው፣ መሐንዲሱ፣ መገናኛው፣ ሕክምናው፣ ስንቅና ትጥቁ በአንድ አዛዥ ሥር ናቸው። በአዛዡ ዙሪያ ደግሞ መምሪያው አለ፦ አንዱ ሰው ይቆጥራል፣ አንዱ ስለ ጠላት መረጃ ይሰበስባል፣ አንዱ ዘመቻ ይነድፋል፣ አንዱ ስንቅና ጥይት ያደርሳል። አዛዡ ቢወድቅ ምክትሉ በዚያው ወረቀት ይቀጥላል። መተማ ላይ የጠፋው ይህ ነበር። በጃንሆይ ዘመን ክቡር ዘበኛ እንደ አንደኛ ክፍለ ጦር ተቆጠረ፤ ሁለተኛው አሥመራ፣ ሦስተኛው ሐረር፣ አራተኛው አዲስ አበባ ሰፈሩ።

የቁጥሩ ዘመን ሲገባ አሮጌው ዘመን በፈረስ ስም በኩል ሾልኮ ገባ። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመተው ሻለቃ ቃኘው ተባለ፤ የራስ መኮንን የፈረስ ስም አባ ቃኘው ነበርና። በየተራ የሄዱት ሦስት የቃኘው ሻለቆች በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ውስጥ ተዋጉ። ከ120 የሚበልጡ ሞቱ፣ ከ500 የሚበልጡ ቆሰሉ፣ የተማረከ ግን አልነበረም። ከዚያም ኮንጎ የዘመተው ብርጌድ ጠቅል ተባለ፣ ከጃንሆይ አባ ጠቅል። ቆየት ብሎ ንጉሥ የሚባል ነገር የማይወደው ደርግ እንኳ ትልቁን የማሠልጠኛ ሰፈር ታጠቅ ሲለው ከቴዎድሮስ የፈረስ ስም አልራቀም።

ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. የጃንሆይ ቅርብ ጠባቂ የሆነው ክቡር ዘበኛ በአዛዡ በብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ መሪነት መፈንቅለ መንግሥት ሞከረ። ምድር ጦርና አየር ኃይል ከዘውዱ ጋር ቆሙ። የአዲስ አበባ ሰው ለጥቂት ቀናት አንድ የመንግሥት ጦር ከሌላ የመንግሥት ጦር ጋር ሲተኳኮስ አየ። ልብሱም ኑሮውም የተሻለው ክቡር ዘበኛ እና በየጠረፉ የሚንገላታው ምድር ጦር ከዚያ በፊትም በዓይነ ቁራኛ ይተያዩ ነበር። ሙከራው ከከሸፈ በኋላ ለዘውዱ የታመነው ወታደር ሒሳቡን አመጣ፣ ደመወዝ እንዲጨመርለት ጠየቀ፤ ተጨመረለትም።

ከዚያ በኋላ ዋናው ነገር የተበላሸው በአንድ የውሃ ጉድጓድ ነው። ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. ነገሌ ቦረና የሚገኘው የአራተኛ ብርጌድ ወታደር አመፀ። የወታደሩ የውሃ መሳቢያ ተበላሽቷል፤ መኮንኖቹ ከራሳቸው ጉድጓድ እንዲቀዳ አልፈቀዱም። ምግቡም አይበላም። ወታደሮቹ መኮንኖቻቸውን አሠሩ። ጃንሆይ ነገሩን እንዲያጣሩ የምድር ጦሩን አዛዥ ሌተና ጄኔራል ደረሰ ዱባለን ላኩ። ወታደሩ ጄኔራሉንም ያዛቸውና እርሱ የሚበላውን እንዲበሉ፣ እርሱ የሚጠጣውን እንዲጠጡ አደረጋቸው። መቀሌ ላይ ምሽግ ያስለቀቀ የውሃ ጥም በ78 ዓመቱ ነገሌ ላይ የጦር ትእዛዝ አፈረሰ። ማዕረጉ በቦታው ነበር፣ የዕዝ ሰንሰለቱም በወረቀት ላይ ሙሉ ነበር። የመኮንኑና የወታደሩ ማዕድ ግን ለየብቻ ነበር።

አመፁ በወታደራዊ ሬዲዮ መገናኛ ከሰፈር ወደ ሰፈር፣ ወደ አሥመራም ዘለቀ። ሰኔ 21 ቀን 1966 ዓ.ም. ከየጦር ክፍሉ የተላኩ ከመቶ የሚበልጡ ተወካዮች በአራተኛ ክፍለ ጦር ተሰብስበው ደርግ ሆኑ። ከሻለቃ በላይ ማዕረግ ያለው ተወካይ አልነበረም። በ1910 ዓ.ም. መሐል ሰፋሪ ሚኒስትሮችን ሲያሽር ራሱ ዙፋን ላይ ለመቀመጥ አላሰበም ነበር። እነዚህ ግን መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሡን አውርደው መንግሥት ሆኑ።

መንግሥት የሆነ ጦር ማደግን እንጂ መቀነስን አያውቅም። በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ወሰን ሲጥስ በብዙ አሥር ሺህ የሚቆጠር ገበሬ ታጠቅ ሰፈር ገብቶ በጥቂት ወር ሚሊሻ ሆኖ ወጣ። ኤም ዋኑ በክላሽ ተተካ፤ የሶቪየት አማካሪዎችና የኩባ ወታደሮች መጡ፤ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ጅጅጋ ተመለሰች። በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ወጣ፦ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለ ወጣት ስድስት ወር ሠልጥኖ ሁለት ዓመት ያገለግላል ይላል። በከተማው ሰው አፍ ግን ስሙ «አፈሳ» ነበር። አደረጃጀቱም ተለወጠ። ከክፍለ ጦር በላይ ኮር፣ ከኮር በላይ አብዮታዊ ሠራዊት ቆመ፤ ዕዞቹ ናደው፣ ውቃው፣ መክት እየተባሉ በቀረርቶ ስም ተጠሩ። ከአዛዡ ጎን የፖለቲካ ኮሚሳር ተቀመጠ፣ ከኮሚሳሩ ጎን የደኅንነቱ ሰው። በአንድ ጦር ላይ ሦስት ዓይን፣ ሦስት የሪፖርት መንገድ ሆነ። በመጋቢት 1980 ዓ.ም. በኤርትራው ጦርነት አፍአበት ላይ ናደው ዕዝ በሦስት ቀን ተደመሰሰ። በግንቦት 1981 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት የሞከሩት ጄኔራሎች ሲገደሉ ሠራዊቱ ልምድ ያላቸውን አዛዦቹን ባንድ ጊዜ አጣ።

ግንቦት 1983 ዓ.ም. ሲደርስ ከሰሐራ በታች ካሉት ሠራዊቶች ትልቁ የነበረው ያ ጦር በጥቂት ሳምንት ውስጥ አልነበረም። ጦሩን ድል አድርገው አዲስ አበባ የገቡት አማፂ ተዋጊዎች በደረታቸውም በትከሻቸውም የማዕረግ ምልክት አልነበራቸውም፤ አዛዡና ታጋዩ በልብስ አይለዩም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ መደበኛ ሠራዊት ሲሆኑ ግን የተሰጧቸው ማዕረጎች ያው ቴዎድሮስ የሰየሟቸው ነበሩ፦ አሥር አለቃ፣ ሃምሳ አለቃ፣ መቶ አለቃ፣ ሻለቃ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 87 ሠራዊቱ የብሔር ብሔረሰቦችን ሚዛናዊ ተዋጽኦ እንዲይዝ፣ የመከላከያ ሚኒስትሩም ሲቪል እንዲሆን ደነገገ።

የተበተነው ወታደር ደግሞ በእግሩ ወደ ቤቱ ሄደ። ከኤርትራ የተነሣው ከፊሉ በሱዳን በኩል ዞረ፣ ከፊሉ በትግራይና በወሎ መንገድ ወረደ። ክላሹን ጥሎ፣ ቦቲው ተቀዶ፣ በየመንደሩ ደጅ ቆሞ ውሃና ቁራሽ እንጀራ ለመነ። በአፈሳ ልጁን የተነጠቀው ገበሬ ብዙ ጊዜ ሰጠው። ከዚያ የቀድሞ ሠራዊት አባላት የሚቋቋሙበት ኮሚሽን ተሰየመና ከ400,000 የሚበልጡ ሰዎች በየጣቢያው ተሰለፉ። ስማቸው፣ ማዕረጋቸው፣ የጦር ክፍላቸውና የትውልድ ቀበሌያቸው ተመዘገበ። ወደ ገጠር የሚመለሰው የመሳፈሪያ ተከፈለለት፤ እርሻ እስኪይዝ ለጥቂት ወራት የሚሆን እህልም ተሰፈረለት።